የእናቴ ባለ ሁለት ወንበር

እናቴ የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መኪና ስታለብስ ኖረች። የራሷ ግን፣ ያቺ አባቴ ትቶላት ያለፈ ክፍት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ እናቴ ሁልጊዜ ከጎኑ ነው የምትቀመጠው። መንጃ ፈቃድ እያላት መሪውን አንድም ቀን አልያዘችም። «ይቺን መኪና ራሴ ሳልነዳማ አልሞትም» ስትል ሰው ይስቃል። ምኑ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሁሉ የባሱት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። እኛ ቤት ጋሼ ይባላሉ፤ የማይገቡበት ነገር የለም። «የብረት ክምር ናት፣ ሽጪና ተገላገያት» ይሏታል። እምቢ ስትላቸው ሊረዷት መጡ። ባይመጡ ይሻል ነበር! የዚያች መኪና ብሎን በኢንች ነው የሚለካው፤ እሳቸው የሚሊሜትር መፍቻ ይዘው ከች አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይገጥምም» አለቻቸው።

«ብሎን ብሎን ነው! አንቺ መርፌሽን ያዢ!»

ባለ በሌለ ጉልበታቸው ሲጠመዝዙት የብሎኑ ጭንቅላት ተልጦ ክብ ሆነ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው «አላልኩሽም? የሞተች ናት» ብለው ሄዱ።

እናቴ ሆደ ሰፊ ናት። ያንን ብሎን በመሮና በመዶሻ ስታስለቅቅ ሰነበተች። የኢንች መፍቻ ፍለጋ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ሰፈር ሁሉ አዳረሰች። ካርቡራተሩን በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ አጠበች። ፍሬኑን ጎረቤታችን መካኒኩ ሠራላት፤ እሷም በፋንታው የመኪናውን ወንበር አለበሰችለት። የራሷን ወንበሮችማ ማን ይነካባታል! ቀይ ቆዳ አልብሳ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋችው።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጋሼም ድምፁን ሰምተው ደረሱ። እናቴ የእጇን ግራሶ ልትታጠብ ገባ ከማለቷ መሪው ላይ ጉብ አሉ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ወንድ ይሞክራት!» ብለው መካኒኩን ከጎናቸው አስቀምጠው ሽው አሉ። እናቴ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ሮጣ ወጥታ በር ላይ ቆማ ቀረች። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ። ማን ይስማኝ? እሷ ለፍታ እሳቸው ይንሸራሸራሉ!

ዞረው ሲመለሱ ተጨበጨበላቸው። እጃቸውን እያውለበለቡ ቆሙ። እናቴ በሩን ከፈተችላቸው።

«ጋሼ፣ ይውረዱ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ነገ ቀስ ብለሽ ትለማመጃለሽ።»

«ይውረዱልኝ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። መካኒኩ ማንም ሳይነግረው ወርዷል። ጋሼም እያጉረመረሙ ወረዱና ከጎኗ ሊገቡ ዞሩ። ቀድሜ ገባሁ። ምን ያድርጉ፣ ሦስተኛ ወንበር የላትም።

እናቴ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ሰው ሳቀ። እንደገና አስነሳቻት፣ ከበሩ ወጣን። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ፊቷን አየሁት፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። እኔም በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ጎረቤቶቻችን የጋሼን እጅ ይዘው «እንኳን ደስ አለዎት፣ እጅዎ ይባረክ!» እያሉ ይጨብጧቸዋል።

እሳቸውም «አሜን፣ አሜን» ይላሉ።