በዘይት ቦታ የገባው የውሃ ቱቦ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ፣ ስድቡን፣ ስካሩን፣ በጾም የበላሁትን ቁርጥ እየቆጠርኩ፣ ይህችን አንዷን ግን ዘልያት ኖሬአለሁ። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል፤ እኔም ያልተናዘዝኩት ጭምር የተፈታልኝ መስዬ ከግቢው እወጣለሁ። ዛሬ ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ እናገራለሁ። ፊት ለፊት መናገር ያለብኝ ሰው በሕይወት እያለ ለእናንተ መናገሬ ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱንም ጨምራችሁ ያዙልኝ።

መካኒክ ነኝ። ሰፈራችን ለልማት ከመነሳቱ በፊት ፒያሳ፣ ከሠራተኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ጋራዥ ነበረኝ። “መስፍን የነካው መኪና አይመለስም” ይባልልኝ ነበር። ሰው ሲለኝ ዝቅ ብዬ “ኧረ እግዜር ይስጥልኝ” እላለሁ፤ ሆዴ ግን ልክ ናችሁ ይላል።

የሰፈራችን እድር አንድ ፒካፕ ነበረው። ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ይጭናል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ሳጥኑን ይጭናል። በእኛ ደንብ ሳጥኑ በመኪና ቢጫንም ለቀስተኛው ከፊትና ከኋላ በእግሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መኪናው ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሮ ያንን ዳገት በአሮጊት እርምጃ እየተንፏቀቀ ይወጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ጭነት ይዞ በዳገት መንፏቀቅን የመሰለ ጠላት የለውም፤ ዘይቱ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ሽታውን መጀመሪያ ያስተዋሉት ሹፌሩ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ እጄ ሥራ ይፍታ እንዴ ብለው ለእድሩ በነጻ ይነዱ ነበር። ሰው ገጭተው አያውቁም፤ በእጃቸው የተቃጠለ መኪና የለም። ይህን ሳይናገሩ የሚውሉበት ቀን አልነበረም፤ እኛም ሰልችቶን ነበር። ግን ሌላ ምን አላቸው? ቤታቸው የቀበሌ ነው፤ ልጆቻቸው ራሳቸውን አልቻሉም። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር የሹፌርነት ስማቸው ብቻ ነበር።

“መስፍን፣ ዳገቷን ስንወጣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል” አሉኝ። አየሁት። ለካምቢዮው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ እናስገባለት አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ትንሽ ማቀዝቀዣ ይታሰራል፤ የካምቢዮው ዘይት በአንዱ ቱቦ ገብቶ ይቀዘቅዝና በሌላው ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ቱቦው የዘይት ቱቦ መሆን አለበት። የውሃ ቱቦ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውሎ አድሮ ከማሰሪያው ይሾልካል። ይህን ትናንት ጋራዥ የገባ ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ሥራውን የጨረስኩት አርብ ከሰዓት ነው። ማቀዝቀዣውን አሰርኩ፣ አንዱን ቱቦ ገጠምኩ፣ ለሁለተኛው አነሰኝ። በማግሥቱ ቀብር አለ። ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ መግዛት ነበረብኝ፤ አርብ ከሰዓት ደግሞ የመርካቶን መንገድ ታውቁታላችሁ። መደርደሪያዬ ላይ የውሃ ቱቦ ነበር። ለካሁት፤ ልክክ አለ። ለነገ ብቻ፣ ሰኞ እቀይረዋለሁ አልኩ። ሰኞ መጣ። ሰኞ ሄደ። ሌላም ሰኞ ሄደ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። የከፋይ ደንበኛ መኪና ቢሆን ያንን ቱቦ እገጥም ነበር? አልገጥምም። ተመልሶ መጥቶ አንገቴን ይይዘኛላ። የእድሩ ግን በነጻ ነው፤ ለነጻ ሥራ ማን ይጠይቀኛል? የእድሩ ሽማግሌዎች ጋራዡ ድረስ መጥተው፣ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እጅህ ይባረክ፣ ለሙታን የሠራኸው ለነፍስህ ይሁንልህ አሉኝ። የውሃ ቱቦ የገጠመውን እጅ ነው የመረቁት። እኔ ምን አልኩ? አሜን አልኩ። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ዕቃ ባርኩልኝ ብሎ ሽማግሌ ፊት አይቆምም።

ጥቂት ወራት አለፉ። እትዬ ዘነቡ አረፉ፤ በሰፈሩ ያላሳደጉት ልጅ የሌለ፣ ሁሉም እናቴ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ለቀስተኛው ከድልድዩ እስከ ዳገቱ ሞላ። እኔ ከመኪናው ጎን ነበርኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልሄደም። ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጋሽ ተክሌ የእጅ ፍሬኑን እስኪይዙት ድረስ ከኋላ የነበሩት ሴቶች እየጮኹ ተበተኑ። የእትዬ ዘነቡ የመጨረሻ ልጅ ከሳጥኑ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ አቅፎት ቀረ። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ቀይ ዘይት አስፋልቱን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

እኔ ወዲያው አወቅሁ። ጋሽ ተክሌ አላወቁም፤ ማርሹን እየቀያየሩ ደጋግመው ሞከሩ፤ ያለ ዘይት በሞከሩ ቁጥር ካምቢዮው ተቃጠለ። አፌን ከፍቼ “ጋሼ፣ ያጥፉት” ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ካልኩ ግን ከየት አወቅህ እባላለሁ። ዝም አልኩ። ሳጥኑ በትከሻ ወረደ፤ እኔም ሸክሙ ላይ ገባሁ። ሴቶቹ “ወየው፣ አስከሬን ወደ ኋላ ሄደ” እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔ ግን ተሸክሜ የማስበው ስለ እትዬ ዘነቡ አልነበረም፤ ያንን ቱቦ ከኔ በፊት ማን ያየው ይሆን እያልኩ ነበር።

ማንም አላየውም። መኪናው ተጎትቶ እኔው ዘንድ መጣ፤ ሌላ የት ይሄዳል? ኮፈኑን ከፈትኩ። ያ ቱቦ አብጦ፣ ከማሰሪያው ሾልኮ ተንጠልጥሏል። ፈትቼ ጣልኩት። ሶማሌ ተራ ሄጄ ትክክለኛውን ገዝቼ ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ወር ያጣሁት ጊዜ ይህችን ታህል ነበረች። ቱቦውን ገጠምኩ፤ ጥፋቴን በጥሩ ሥራ ሸፈንኩት።

የወር ስብሰባው ላይ ካምቢዮው ለምን ተቃጠለ የሚለው ተነሳ። የእድሩ ዳኛ “ባለሙያው ይናገር” አሉ። ተነሳሁ። “ካምቢዮው ዘይት አልነበረውም” አልኩ። እውነት ነው፤ ፈስሶ አልቆ ዘይት አልነበረውም። ዳኛው “ዘይት ማየት የማን ሥራ ነው?” አሉ። “የሹፌር ነው” አልኩ። ይህም እውነት ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ በሁለት እውነት ሰው ይቀበራል።

ጋሽ ተክሌ ተነሱ። “ጠዋት አይቻለሁ፤ ሙሉ ነበር። ዘይት ከሌለው ያ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰው ምንድን ነው?” አሉ።

ልክ ነበሩ። ጥያቄው እዚያው ሊጥለኝ ይችል ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ አይደል? “ጋሼ፣ እሱ የቀረችው ናት” አልኩ። “አውቶማቲክ እንደ አውቶቡሱ አይደለም። ዘይት ሲያንሰው ይግላል፤ ሲግል ቱቦውን ገፍቶ ያወጣዋል።” ይህ ውሸት ነው። ከእግር እስከ ራሱ ውሸት ነው። ዘይቱ ጠዋት ሙሉም ይሁን ጎዶሎ ያ ቱቦ ያን ቀን መሾለኩ አይቀርም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ተቀመጠ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ባለሙያ ተናገረ፣ ምን ይባላል? አንዱ ከኋላ “ሹፌር መቼ አጠፋሁ ብሎ ያውቃል” አለ፤ ሳቁ። አንድም ሰው ቱቦውን አምጣና አሳየን አላለኝም። እነሱንም ተቆጥቻቸው አውቃለሁ። እንዴት አትጠይቁኝም? እንዴት የአንድ መካኒክ አፍ ይበቃችኋል? ይህ ቁጣዬ ራሱ ሌላ መደበቂያ ነው። አለመጠየቃቸውን ተማምኜ ነው የተነሳሁት።

ጋሽ ተክሌ ወደ ዳኛው ሄዱ። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ዳኛው ፊት አኖሩት፣ ተቀመጡ። ማንም መልሰው ይውሰዱት አላላቸውም።

የአራዳ ልጅ ደግሞ ምሕረት የለውም። “ጋሼ ዘይቱን አዩት?” የሰፈሩ ቀልድ ሆነ። ሱቅ በር ላይ ሲያልፉ ይሏቸዋል፤ ጫማ ሲያስጠርጉ ይሏቸዋል። ቀድሞ ሰው ሲቀልድባቸው በሁለት እጥፍ የሚመልሱ ሰው፣ ለዚህችኛዋ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። አንዴ ከኔ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አሏቸው። እኔ ሳቅሁ። እየሰማችሁኝ ነው? ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተክሌ ለቅሶ ሲመጡ ከሰው ኋላ ይቆማሉ፤ ስለ አውቶቡሳቸውም ሲያወሩ የሰማቸው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት እያደር ደፈረሰ እንጂ አልጠራም።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሳ። እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ እኔም ጋራዤን ይዤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄድኩ። ተገላገልኩ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቤታችን ሲፈርስ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ ከእሳቸው ዓይን መራቄን እያሰብኩ ቀለል አለኝ።

በቅርቡ ፒያሳ፣ ገና ካልፈረሱት ኬክ ቤቶች በአንዱ፣ ባንኮኒው ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ጋሽ ተክሌ ናቸው። ከስተዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰላም ብቻ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር።

“እሑድ እሑድ እዚህ አይጠፋም ቢሉኝ ፈልጌህ መጣሁ” አሉ። “መስፍን፣ ያን ቀን ጠዋት ዘይቱን አይቻለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ኮፈኑን ስከፍት ይታየኛል፣ መለኪያዋን በጨርቅ ስጠርግ ይታየኛል። ግን የሌላ ቀን ይሆናል። አንተ ባለሙያ ነህ፤ አልነበረም ካልክ አልነበረም። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ጨረስኩ። የበደልከውንም ሰው ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ። የእትዬ ዘነቡን ልጆች ጠየቅኩ። የቀረኸኝ አንተ ነህ። በነጻ የለፋህበትን ሥራ አበላሸሁብህ፤ ደግሞ በሰው ፊት ተከራከርኩህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።”

ገባችሁ? ዓይናቸው ያየውን፣ እጃቸው የነካውን ትተው የኔን ውሸት አመኑ። በኔ ኃጢአት ተናዘዙ። በኔ ኃጢአት ጾሙ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ለኔ ኃጢአት ሰገዱ። ስማቸውን ከሰው ፊት ወሰድኩባቸው ስል፣ ለካ ከገዛ ልባቸውም ወስጄዋለሁ። እኔ ደግሞ እዚያ ቆሜ፣ ማኪያቶው በእጄ እንዳለ፣ ባንኮኒው ላይ ያሉት ሰዎች እየሰሙን መሆኑን አየሁ። ያየሁት እሱን ነው። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ ትሑት ሰው መስዬ “ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ” አልኩ።

ጉንጬን ሳሙኝ። ፊታቸው ፈካ። ታክሲ ሳልይዝ ገና ምክንያት አገኘሁለት፤ ሽማግሌው ሰላም አግኝተዋል፣ አሁን ብነግራቸው ሰላማቸውን መንሳት ነው አልኩ። ውሸት ነው። የእሳቸው ሰላም አሳስቦኝ አያውቅም። የነካው መኪና አይመለስም የተባለለት መስፍን ነው ያሳሰበኝ።

እድሩ ሰፈሩ ተበትኖም አልፈረሰም፤ በየወሩ እየተሰበሰብን ነው። የጋሽ ተክሌ ስም የተወሰደው እዚያ ነውና መመለስ ያለበትም እዚያው፣ በዚያው ሰው ፊት ነው። ይህን አውቄም እዚያ እየተቀመጥኩ እመለሳለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ገና መጮኹም አልሆነልኝም። ስለዚህ እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉኝ። ልጅ ነበርክ አትበሉኝ፤ ልጅ አልነበርኩም። ሂድና ንገራቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ይቅር ይሉሃል አትበሉኝ። ደግነታቸውን ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ ተጠይቆ አልቋል፤ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ።