ከኋላ የሚሄደው በክሪ

ሸውቂ ምትወሊ የስዊዝ ሰው ነው፣ የግብጿ የወደብ ከተማ። በወጣትነቱ ኮማንዶ ነበር፤ ያውም ከጠላት ጀርባ ገብተው ሲና በረሃ ውስጥ ከሚከርሙት። ሜዳልያው ዛሬም አለ፤ ሚስቱ ረውሒያ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከመርፌና ከክር ጋር አስቀምጣዋለች። ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ እንደ ጓደኞቹ የሀብታም አጃቢ መሆን አልወደደም። አንዱማ ያን ሁሉ ሜዳልያ ይዞ የዘፋኝ ጃንጥላ ያዥ ሆኖ ቀረ ብለው ይስቁበታል። ሸውቂ ምልምል አሠለጠነ፣ ኋላም የበረዶ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ እርጅና ደረሰበት።

አካሄዱ ግን ከጦሩ አልተሰናበተም። ያኔ በአሸዋ ላይ ሲጓዙ መሪው በረገጠበት ላይ ነበር ሁሉም የሚረግጠው፤ ስንቱ አልፎ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ እንዲቀር። መሪው ወደ ኋላ አይዞርም። ኋላውን የሚጠብቀው የመጨረሻው ሰው ነው። መሪው ሸውቂ ነበር፣ የመጨረሻው ጓደኛው በክሪ። እና ሸውቂ እስካሁን ገበያ እንኳ ሲሄድ ዞር ብሎ አያይም።

"አንገትህን ጦሩ ወሰደው እንዴ?" ትለዋለች ረውሒያ። "ስጠራህ ዙር እንጂ አንተ ሰውዬ!"

በክሪ አልተመለሰም። የጠላትን ራዳር አቃጥለው ሲመለሱ ተመቶ ሞተ፤ ሸውቂ በገዛ እጁ ቀበረው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ሄዶ ቢፈልግ ቦታው ጠፋው። አሸዋ እንደ ሰው ነው፣ ተኝቶ ይገላበጣል።

የበክሪ እህት ሐጃ ኢንሻራህ በየዓመቱ፣ ወንድሟ የሞተበት ቀን ሲደርስ፣ ዓሣና በሽንኩርት የጠቆረ ሩዝ ሠርታ ለሸውቂ ትልክ ነበር። ዘንድሮ ራሷ መጣች፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘች።

"ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤትሽ ተቀመጪ ብሎኛል" አለችው። "ከእናቴ መቃብር ጎን ያለውን ቦታ ለበክሪ ብዬ ነው ያቆየሁት። እሱ ሳይገባ እኔ ብገባ እናቴ 'ልጄን የት ጥለሽው መጣሽ?' አትለኝም? ሸውቂ ወንድሜ፣ የት አስቀመጥክብኝ?"

በማግስቱ ወደ ሲና ተሻገረ።

እዚያ ሸይኽ ሱወይሊም አለ። በጦርነቱ ጊዜ ውሃ የሚያቀብላቸው የበረሃ ጎረምሳ ነበር፤ ካለፉ በኋላ ፍየሎቹን በዱካቸው ላይ እየነዳ ያጠፋላቸው ነበር። ዛሬ ጥርስ የለውም፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። የሰው ኮቴ ለሱ እንደ ሰው ፊት ነው፤ አንዴ ካየው አይረሳውም።

የሸይኹን መኪና በክሪ የወደቀበት ሸለቆ አፍ ላይ አቁመው ሸውቂ ቀደመ። ሱወይሊም አካፋውንና ውሃውን ሲያወርድ ወደኋላ ቀረት አለ። ቀትር ነበር፣ ሰው የራሱን ጥላ የሚያጣበት ሰዓት። ነፋስ የለም። ዝንብ እንኳ የለም።

"ሸውቂ!" ብሎ ተጣራ ሱወይሊም። "አብሮህ የመጣው ማነው?"

"ማን ይመጣል? ፀሐይ መታህ እንዴ ሸይኽ?"

"አትቀልድ። ዱካህ ሁለቴ ተረግጧል። አንድ ሰው እግሩን በእግርህ ቦታ እየከተተ ይከተልሃል። ግራውን ወደ ውጭ ይጥላል።"

የበክሪ ግራ እግር ወደ ውጭ የዞረ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዳክዬ ነበር የሚሉት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ይህንንማ አልስተውም። ስንት ጊዜ ፍየሎቼን ነዳሁበት!"

"አሁን የት ነው?"

"አንተ ስትቆም እሱም ቆሟል።"

ሸውቂ አልዞረም። መዞርም አልቻለም። እዚያው እንደቆመ አንድ ነገር ገባው። ያን ሁሉ ዓመት ሲፈልግ መሪው እሱ ነበር። እሱ ቦታውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ደግሞ ትእዛዝ አክብሮ ከኋላው ሲንከራተት ኖሯል።

ከመስመሩ ወደ ጎን ወጣ።

"በክሪ" አለ። "አንተ ምራ። ትእዛዝ ነው።"

ከፊቱ ያልተነካው አሸዋ ጎድጎድ አለ። ቀኙ ቀጥ ያለ፣ ግራው ወደ ውጭ። እኔ አላየሁም፣ ሱወይሊም ሲምል የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ሽማግሌው "ቢስሚላህ" እያለ አካፋውን እንደ ልጅ አቀፈው።

ሸውቂ በኮቴው ላይ እየረገጠ ተከተለ። አሸዋው በዚያ ቀትር እግር በነካው ቦታ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። ከኮቴው ጋር እንዲገጥምለት የራሱንም ግራ እግር ወደ ውጭ ማዞር ነበረበት። ዱካው አንዲት ጎባጣ ግራር ሥር ደረሰና ሁለቱ እግሮች መስጊድ ደጃፍ እንደተወለቀ ጫማ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ቆፈሩ። መጀመሪያ የወጣው የግራ ቡት ነው፣ ተረከዙ በአንድ ወገን ብቻ የተበላ።

ወረቀቱና ምርመራው ካለቀ በኋላ አጥንቱ ስዊዝ ገባ። ሐጃ ኢንሻራህን በወንበር ተሸክመው መቃብሩ ድረስ አመጧት። ከፈኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"አረፈድክ አንተ ዳክዬ" አለችው። "በል ግባ። ስመጣ ግን ቦታውን ሁሉ ይዘህ እንዳትጠብቀኝ።"

ሳምንት አልቆየችም።

በክሪ በተቀበረ ዕለት ሰው ሲበተን፣ ሸውቂ የመቃብሩ መውጫ በር ላይ ቆመና አንገቱን አዞረ። አቧራው ላይ የራሱ ዱካ ብቻ አለ። ሣሣ ያለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተረገጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ጀርባው ልብሱን እንዳወለቁት ባዶ ሆነበት፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ኋላውን የሚጠብቅለት ነበረው። አንድ እርምጃ መራመድ አቃተው።

"ና እንጂ! እዚሁ ልታድር ነው?" አለች ረውሒያ ከፊት።

"ረውሒያ... እስቲ ከኋላዬ ሁኚልኝ።"

"ምነው? ዛሬ ደግሞ ሚስት ጭራ ሆነች?" ብላ ልትስቅ ስትል ፊቱን አየችው። ሳቋን ዋጠችና ዞራ ከኋላው ቆመች።

"የት ልርገጥ?" አለችው ቀስ ብላ።

"እኔ በረገጥኩበት።"