ጭራ ያበቀሉት ኮከቦች

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ነገር ሲሸተኝ ዛሬም አባቴ ድቅን ይልብኛል። ቆቦ ላይ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ፊልም የሚያጥብበት መድኃኒት እንደዚያ ይሸት ነበርና ቤታችንን ሰው በአፍንጫው ያገኘው ነበር።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አባቴ መንገድ ቀያሾች ከጣሉት መነጽር መስታወቱን አውጥቶ ረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ገጥሞ፣ ካሜራውን ከኋላው አስሮ፣ ከግቢያችን ኮከብ ማንሳት ጀመረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰምቶ ከች አለ።

«ጓድ ሰይድ፣ በዚህ ማንን ነው የምትሰልለው?»

«ኮከብ ነው የማየው፣ ወላሂ!»

«እንግዲያስ ማሽላው ሳይታጨድ ኮከቡን በፎቶ አሳየኝ። አለዚያ ቱቦውም አንተም ቀበሌ ታድራላችሁ።»

አባቴ ፎቶውን አጥቦ ቢያወጣ ደግሞ ኮከቦቹ ሁሉ ጭራ አብቅለዋል! እኔ ሆዬ፣ «አባዬ፣ አይጥ ነው እንዴ ያነሳኸው?» ብዬ ስንከተከት እናቴ ገላመጠችኝ።

ጥቅምትን ሙሉ የጭራውን መነሻ ሲያድን ከረመ። የጭነት መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠው ይሆናል ብሎ ቱቦውን ከአውራ ጎዳናው አርቆ ድንጋይ ላይ ተከለው፣ አልጠፋም። እጄ ነው ብሎ፣ ቱቦውን ከኮከቡ ጋር የሚያዞርበትን ብሎን ዘይት አጠጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ አዞረው፣ አልጠፋም። ሳይናደድ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ ይሞክር ነበር፤ እንደሱ ያለ ትዕግሥት በሰው አላየሁም።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲቀላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት የቱቦውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዘንብሎ አየና አሸተተው።

«ዘሀራ! ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። አናቴን አሸተተ።

«አንቺ ሸይጧን! ቅቤ!»

ለካ እሱ በሌለ ጊዜ በትልቁ አፍ በኩል ግንባሬን ለጥፌ ስመለከት፣ ከሹሩባዬ የቀለጠው ቅቤ መስታወቱን ሲቀባ ኖሯል። እሱ ደግሞ ማታ ማታ አቧራ እየመሰለው በጋቢው ጫፍ ወደ አንድ ወገን ያሰምረው ነበር፤ ጭራው እሱ ኖሯል። ዱላ ስጠብቅ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ጥጥና የሳሙና ውሃ ሰጠኝ፤ እኔው አጠብኩት። የዚያን ማታ ኮከቦቹ እንደ ማሽላ ፍሬ ክብ ክብ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መጥቶ፣ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ብዙ አየው። «እነዚህ ሰባቱ ኮከቦች ናቸው? እናቴ ታሳየኝ የነበሩት?» አለ፣ ድምፁ ለዝቦ።

«እነሱው ናቸው።»

ፎቶውን ደረት ኪሱ ከቶ ሄደ፤ ቱቦውን አልወሰደብንም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሰማዩን በስልክ ያነሱና ካላማራቸው ወዲያው ይሰርዙታል። ይመቻቸው። አባቴ ግን ምን እንደነካው ሳያውቅ የተበላሸ ነገር አይጥልም ነበር፤ እኔን ራሴን ከነጥፋቴ ያሳደገኝ እንደዚያው ነው።