ትራስ ላይ የማይቀመጥ ጉርሻ

አክስቴ ጸሐይነሽ ሰቆጣ ማር ነጋዴ ነበረች። በገበያ ቀን ዋዜማ ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የሚመጡ መንገደኞች ቤቷ ያድራሉ። አንዱ ታዲያ የተኛበት አጎዛ ሥር ብር ትቶላት ሄደ። እስከ ከተማው ዳር ተከትላ ደረሰችበትና ብሩን ኪሱ ውስጥ መልሳ ከተተችው፤ "ቤቴን ሆቴል አረከው?" ብላም ሰው ፊት ጮኸችበት። ምስኪኑ በሚቀጥለው ገበያም እሷው ጋ አደረ።

በ1999 ዓ.ም. ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሄደችው ይህችው ሴት ናት። የማር ብሯን ለዓመታት ያጠራቀመችው ስቅለትን ጎልጎታ ለመስገድ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ሆቴል እንደገቡ የጉዞው መሪ አቶ ይግዛው፣ "ጠዋት ስትወጡ ለጽዳት ሠራተኛዋ ጉርሻ ትራስ ላይ ተዉላት፤ የአገሩ ልማድ ነው" አሉ።

"ፊቷን ሳላይ?" አለች አክስቴ።

"እዚህ እንዲህ ነው፣ እማማ።"

"የምን ደብቆ መሄድ ነው! ሰው በጁ ነው እሚቀበል።"

የአክስቴን ግትርነት እኛ እናውቀዋለን፤ አቶ ይግዛው ከየት ያውቁታል? ሠራተኛዋ ደግሞ የምትገባው እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ነው። ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ነገሩ አክስቴን እንቅልፍ ነሳት። በስቅለት ጠዋት ሁሉም አውቶቡስ ሲሳፈር "መጣሁ" ብላ ተመለሰችና አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ጠበቀች።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ጎልማሳ አረብ ባልዲ ይዛ ስትገባ ደነገጠች። አክስቴ ብድግ ብላ ብሩን በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ ጉንጯን ሳመቻት፤ በአማርኛ መረቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀችና ተቀበለቻት።

አክስቴ ደስ ብሏት ስትወርድ አውቶቡሱ የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "ጎልጎታ፣ ጎልጎታ" እያለች አለቀሰች። ይህን ስታወራልኝ እኔም አልቅሻለሁ።

ለቅሶዋን የሰማችው ሠራተኛ ወርዳ አየቻት። ሽርጧን ፈታች፤ እጇን ይዛ በጠባቡ መንገድ፣ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች፣ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አደረሰቻት። ስግደቱ ገና አላለቀም ነበር።

አክስቴ ከመቀነቷ ብር አወጣች። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ብሩን ነጥቃ መልሳ አክስቴ መቀነት ውስጥ ከተተችውና ሰው ፊት በአረብኛ ጮኸችባት።

ዛሬም "ጎልጎታን ተሳለሙ?" ሲሏት፣ "ተሳለምኩ" ትላለች፤ ከዚያ ፊቷ እየበራ፣ "ዘመድም አገኘሁ እንጂ! እንዴት አርጋ እንደተቆጣችኝ!"