በስንት ይካፈልላት?

ካልኩሌተር አጠገባችሁ ካለ አምስት ቁጥርን በጣታችሁ ዳበስ አድርጓት። ብዙዎቹ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉብታ አለች። እኔ ዓይን እያለኝ ይህችን ጉብታ አላውቃትም ነበር። በቀደም ቢሮ ውስጥ የወሩን ሪፖርት ስሠራ ጣቴ ሳላስበው እዚያች ላይ አርፎ ቀረ። የሥራ ባልደረባዬ "ተኛሽ እንዴ?" አለችኝ። አልተኛሁም። ሰበታ ነበርኩ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው ዴስክ ላይ።

ጉብታዋን ያሳየችኝ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። ዓይነ ስውር ነበረች። ወላጆቿ ከሱሉልታ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰበታ በአዳሪነት ተምራ፣ ስምንተኛን ስትጨርስ እኛ ትምህርት ቤት ገባች። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ የሆነ ነገር ሲያስቃት ደግሞ ኦሮምኛውን ትቀላቅልበታለች። መምህር ሲናገር ብሬሏን በመውጊያዋ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ይረብሸኝ ነበር፤ ኋላ ግን እሷ የቀረች ቀን ትምህርቱ ራሱ አልገባ ይለኝ ጀመር።

እኔ ደግሞ የክፍሉ ካልኩሌተር ነበርኩ። እናቴ ጅማ መንገድ ዳር ሱቅ ስለነበራት የሱቁን ካልኩሌተር ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ እመጣለሁ። የፈተና ወረቀት የተመለሰ ዕለት ልጆቹ ዴስኬን ይከቡታል። ካርድ እስኪሰጥ መጠበቅ የሚባል ነገር አይታወቅም። የራሱን አማካይ ብቻ ሳይሆን የተቀናቃኙን ውጤት ሰልሎ መጥቶ "የእሱንም አውጪልኝ" የሚለው ብዙ ነው። ደምሬ፣ ደምሬ፣ መጨረሻ ላይ በአስር አካፍዬ ስነግራቸው ግማሹ ይፈነድቃል፣ ግማሹ ካልኩሌተሩ ባትሪ ጨርሷል ይላል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ጓደኛዬ አንደኛ ወጣች። ታዲያ የእኛ ድምር በአስር ሲካፈል የእሷ የሚካፈለው በዘጠኝ ነበር። ለማያዩ ልጆች ሂሳብ አይሰጥም። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን በምን ያዩታል ተብሎ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። የሂሳብ መምህራችን ሲገቡ እሷ ተነስታ ትወጣለች፣ አጥሩ ሥር ባለው ባሕር ዛፍ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ካርዷ ላይም በሂሳብ ቦታ ሰረዝ ይደረጋል። እኔ በበኩሌ እቀናባት ነበር። ከሂሳብ መገላገል ለእኔ ሎተሪ ነው።

ሁለተኛ የወጣው ልጅ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ሂሳብ ብትማር ኖሮ አንደኝነቷን እናየው ነበር ብሎ ለጓደኞቹ አወራ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ መበለጡ ነው ያናገረው። እሷ ደግሞ የክፍሉ ወሬ ሁሉ ጆሮዋ የሚገባ ልጅ ናት፣ ሰማችው።  ከትምህርት ቤት ወጥተን፣ ክንዴን ይዛ ከቢራ ፋብሪካው በኩል በሚመጣው የብቅል ሽታ ውስጥ ስንሄድ፣ "ልጁ እውነቱን ነው" አለችኝ።

"ምኑ ነው እውነቱ?"

"እናንተ በአስር፣ እኔ በዘጠኝ። ለእኔም በአስር ያካፍሉልኝ።"

ጤና የላትም እንዴ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አባቷን አውቃቸዋለሁ። እናቴ "ኦቦ" እያለች የምታከብራቸው፣ ሰበታ በመጡ ቁጥር በትንሽ ጀሪካን ወተት ይዘው ሱቃችን ጎራ የሚሉ ሰው ናቸው። የማታይ ልጅ አስተምረው ምን ሊያገኙ ነው ብሎ አገሩ ሁሉ ሲያደርቃቸው የሚመልሱት አንድ መልስ ብቻ ነበር፦ አንደኛ ናት። ሌላ ክርክር አያውቁም። ሂሳብ ገብታ አንደኝነቱ ቢቀርስ? ይህንኑ ነገርኳት። እንደማታስበው አድርጌ በመናገሬ ሳቀችብኝና "ለአባቴ ነው ወይስ ለራስሽ የፈራሽው?" አለችኝ። ለሁለቱም ነበር። አንደኛ ከሚባል ሰው ጋር ዴስክ መጋራት ቀላል ክብር አይደለም።

በማግሥቱ የሂሳብ መምህራችንን ልማር ብላ ጠየቀቻቸው። አጭር፣ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። ሰሌዳውን እንዴት ልታደርጊው ነው አሏት። እርስዎ እየጻፉ ይናገራሉ፣ እኔ የሚናገሩትን እይዛለሁ አለች። እስከዛሬ የሚጽፉትን ሁሉ አፍ አውጥተው እንደማይናገሩ ገና ያኔ እንደታወቃቸው ነገሩን። ፈተናውን በቃል እያነበቡ ሊሰጧት፣ ስሌቱን ደግሞ በካልኩሌተር ራሷ እንድትሠራ ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሰሌዳ ፊት እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ሆኑ። "አሁን ከላይ ሰባ ጻፍኩ፣ መስመር አሰመርኩ፣ ከታች…" የእኔም የሂሳብ ውጤት የተሻሻለው በዚሁ ሰበብ ነው።

የሱቁ ካልኩሌተር ለእሷ አልሆናትም፤ ቁልፎቹ ልሙጥ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሩን ለመንኩት። አይሆንም ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ከተኮፈሰ በኋላ ትቶልን ሄደ። ከሱቁ ጀርባ፣ ሳሙናና ላምባ በሚሸትተው ክፍል፣ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን ከቁልፎቹ ጋር አስተዋወቅኳት። በጣቷ ሁሉንም ዳሰሰችና አምስት ላይ ስትደርስ ቆመች። "ቤቱ እዚህ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ ከአምስት ተነስታ የማትደርስበት ቁልፍ አልነበረም። እኔ የምሠራው ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብ ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የሰጠኋት ቀላል አማካይ ነው፦ ሰባ፣ ሰማንያና ዘጠና። በሱቅ ደንብ አስተማርኳት፤ ደምሪ፣ ደምሪ፣ ደምሪ፣ በሦስት አካፍዪ፣ እኩል ይሆናል። ተጫነች። አነበብኩላት።

"መቶ ሰማንያ።"

"ከስንት?"

"ከመቶ።"

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው መቶ ሰማንያ። ወንድሜ የተበላሸውን ትቶልን ነው ብዬ ልረግመው ስል፣ እናቴ በሳቃችን ተስባ መጣች። የሱቁን አምጥታ በለመደችው መንገድ ጠቅ ጠቅ አደረገች፣ ሰማንያ። ድል አድርጋ ያንኛውን በአገጯ እያመለከተች፣ የተማረ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ቀላሉን ያከብደዋል አለችና ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች።

ጓደኛዬ ግን ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ እያንቀሳቀሰች ታስባለች። "የወንድምሽ ካልኩሌተር የመጨረሻዋን ብቻ ነው ያካፈለቻት" አለች። "ዘጠናን ለሦስት፣ ሠላሳ። ከዚያ ሰባና ሰማንያን ጨመረችበት።" እውነትም እንደዚያ ነበር። የሱቁ ካልኩሌተር በመጣለት ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ሳይንቲፊኩ ግን ማካፈልን ያስቀድማል። መምህራችን በማግሥቱ ስንነግራቸው ከልባቸው ሳቁና፣ ወይ መጀመሪያ ደምራችሁ እኩል ይሆናልን ተጫኑ፣ ወይ ድምሩን ቅንፍ ውስጥ አስገቡት ብለው አሳዩን። እሷ ከዚያ በኋላ የራሷን መፈተሻ አበጀች። አማካይ ከትልቁ ቁጥር ከበለጠ ወይም ከትንሹ ካነሰ ውሸት ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የተሰጣት ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ መግባት አልተፈቀደልኝም፤ መስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁ። መምህሩ ጥያቄውን ያነባሉ፣ እሷ ትጫናለች፣ እሳቸው ስክሪኑ ላይ የወጣውን ልክ ይሁን ስህተት ሳያስታውቁ እንደ ዜና አንባቢ ያነቡላታል። አንዴ የሆነ የተጋነነ ቁጥር አነበቡ። "ይቺ ዋሸች ቲቸር፣ ልድገመው" ስትል ሰማሁ። እሳቸው ሳቃቸውን በሳል ሲደብቁት አፌን ይዤ ከመስኮቱ ሸሸሁ።

ስልሳ አንድ አመጣች። ለጀማሪ ወርቅ ነው፤ ለአንደኛ ግን አይበቃም። መምህራችን ካርድ ከመሞላቱ በፊት ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ደንቡ ለአንቺ ሂሳብን አያስገድድም አሏት። እንደ በፊቱ ሰረዝ ቢደረግበትና በዘጠኝ ቢካፈል አንደኛ ነሽ፣ በአስር ከተካፈለ ሦስተኛ። ሞክረሽ አሳይተሻል፣ ማንም አይወቅስሽም፤ የፈለግሽውን ምረጪ አሏት። እኔ ክንዷን ቆነጠጥኳት፣ ዘጠኝ በይ ማለቴ ነው። ክንዷን ቀስ አድርጋ ከእጄ አወጣች።

"በአስር" አለች።

የካርዱ ቀን አባቷ መጡ። ከሱሉልታ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሰበታ በሚኒባስ ተንገላተው፣ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ድርቆሽ እንደተጣበቀ። እናቴ በሱቁ በር ላይ "አካም ጂርቱ" ብላ ተቀበለቻቸው። እሳቸው የእናቴን ሰላምታ በወጉ መልሰው ሳይጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሜቃፋ ባቴ?" ስንተኛ ወጣሽ ማለታቸው ነው።

"ሰደፋ" አለች። ሦስተኛ።

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲወርድ አየሁት፤ እሷ ባታየውም ዝምታው ነገራት። በኦሮምኛ ሁሉንም አስረዳቻቸው፣ ሰረዙን፣ ዘጠኙን፣ አስሩን፣ የመረጠችውን። ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አባቷ ካርዱን ወደ እኔ ዘረጉና ማንበብ እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ የሂሳቧ ቁጥር የትኛዋ እንደሆነች እንዳሳያቸው ለመኑኝ። አሳየኋቸው። አተኩረው አዩዋት። ከዚያ የልጃቸውን አመልካች ጣት ይዘው ስልሳ አንዷ ላይ አስቀመጡት። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፣ በጣት የሚዳሰስ ነገር የለውም። እሷ ግን ጣቷን አላነሳችም።

በማግሥቱ ዕቃዋን ጠቅልለው ወሰዷት። ክረምቱ ሲያልፍ ለወላጆቿ ቀረብ ያለ ትምህርት ቤት ተገኘላትና ሰበታ አልተመለሰችም። ስልክ በየቤቱ ያልነበረበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ተጠፋፋን። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። በጣም ትናፍቀኛለች።

ያን ጠዋት እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ አባቷ አጠገቧ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው ለመሆኑ ይቺ የማታይ ልጅ ትማራለች እንዴ ብለው አባቷን ጠየቋቸው። አንደኛ ናት ሊሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ መኪናው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ።

"ሦስተኛ ናት። በአስር ተካፍሎ ነው፣ እንደ ሰው ሁሉ።"