እትዬ ሻጋታ እና የድመቷ ሐሞት

የክሊኒካችን የላቦራቶሪ ባለሙያ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባትም። አንድ የትል እንቁላል ካየች ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ስንቱን የእንስሳ ባለቤት “አይዞዎት፣ ደስ ብሏት ነው” እያልኩ አረጋግቻለሁ።

እትዬ ሻጋታ ያልናት እኛው ነን። አንድ ጊዜ የውሻ ናሙና ውስጥ ፈንገስ አገኘሁ ብላ አገር ይያዝልኝ አለች፤ ሲጣራ ፈንገሱ የበቀለው ናሙና በምታቀልምበት የቀለም ጠርሙስ ውስጥ ኖሯል። በሳቅ ሞትን። እሷም አብራን ሳቀች፣ ግን ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ለማንም አታስነካም።

በቀደም ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ድመታቸውን በቅርጫት ይዘው ተመለሱ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ምግብ በአፏ አይዞርም፣ ቀደም ሲል የሰጠናት የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ምንም አልፈየደላት። ዶክተሩ ከሐሞት ከረጢቷ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ሽማግሌው ግን ውጤቱን የሚጠብቁበት አንጀት አጡ።

“በቃ ልጄ፣ ተሰቃየች። በመርፌ አሳርፋት” አሉ።

ዶክተሩ የመጨረሻውን መርፌ ሞልቶ ጎንበስ ሲል ኮሪደሩ በጩኸት ተናጋ።

“ቆይ! እንዳትወጋት! ፈንገስ ነው! ሐሞቷ ውስጥ ፈንገስ አለ!”

እትዬ ሻጋታ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩን በርግዳ ገባች። ዶክተሩ በትካዜ አያት።

“እትዬ፣ ደግሞ ጠርሙሱ እንዳይሆን?”

“እሱን ሳልጠረጥር የመጣሁ መሰለህ? ቀለሙን ብቻውን ባዶ መስታወት ላይ አየሁት፣ ንጹህ ነው። ሐሞቱን ደግሞ ያለ ቀለም አየሁት፤ እዚያው አለ፣ እያቆጠቆጠ! ና እይ እንጂ!”

ዶክተሩ ሮጠ። እኔም የሚጮኸውን ስልክ ትቼ ተከተልኩ። በማይክሮስኮፑ ሳይ ትንንሽ ክቦች ከጎናቸው ሌላ ትንሽ ክብ አብቅለዋል። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አይቼ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

“ጋሼ፣” አለ ዶክተሩ ወደ ሽማግሌው ተመልሶ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ “እስካሁን ስናክም የከረምነው ሌላ በሽታ ነው። ይሄ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል። ጉበቷም ስለተጎዳ ላይሳካ ይችላል። ልሞክር?”

ሽማግሌው ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። “ሞክር” አሉ።

ከሳምንታት በኋላ ድመቷ ዓይኗ ጠርቶ መጣች፤ ገና ከቅርጫቱ ሳትወጣ የዶክተሩን እጅ ቧጠጠችው። እትዬ ሻጋታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠብቀው ጠጋ አሏት።

“ያን ዕለት ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬላት ነበር የመጣሁት” አሏት። “ክፍቱን ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ደፈንኩት።”