አፉ የተወተፈ ቀፎ

አያታችን ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ንብ አናቢ ነበሩ። ቀፎ ከቡሬ ወደ ቆላ ስናወርድ ንቡ መንገደኛ እንዳይነድፍ አፉን በሣር ወትፈን፣ ቦታው ስንደርስ ብቻ የምንከፍተው እኔና እሳቸው ነበርን።

ካንሰር ይዟቸው መድኃኒቱ ፀጉራቸውን አርግፎ ሲያስመልሳቸው፣ ፋርማሲ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ መጣ።

"አባባ፣ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚያልፍ፣ ዕጢው ጋ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ መድኃኒት እየሞከሩ ነው" አላቸው።

"አፉ እንደተወተፈ ቀፎ በለኛ!" ብለው ሳቁ።

መድኃኒቱ ለሳቸው አልደረሰም። እሳቸው ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር "የልጄ መድኃኒት" እያሉ ያንኑ ያወሩ ነበር። ትውከታቸውን የምደፋው እኔ፣ ቀፎ የተሸከምኩት እኔ! ወንድሜ እንደሆነ ንብ ሲያይ ይሸሻል።

ዘንድሮ የቀፎውን ሌላ ጫፍ የሚይዝልኝ አጣሁ። ብቻዬን አፉን ስወትፍ እሳቸው ይታወሱኛል ስል፣ የታወሰኝ የወንድሜ መድኃኒት ሆነ።

ወንድሜ ቀፎዬንም ወሰደብኝ።